አሜሪካ አዲስ የገባችሁ፣ የፖይንት ካርድ ከመሙላታችሁ በፊት

ከአገር ቤት መጥቶ ስራ ጀምሮ ሁለተኛ ሦስተኛ ፔይቼኩን ያገኘ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፣ ለአገር ቤት ትኬት ፖይንት የሚያጠራቅም ካርድ የቱ ይሻላል ነው። ጥያቄው ልክ ነው፣ እኔም ስመጣ የጠየኩት እሱን ነው፣ ግን ከሱ በፊት የሚቀድም ስራ አለ። በመጣሁ በአራተኛው ወር ደሞዜ የሚገባበት ባንክ ስለሆነ አይከለክሉኝም ብዬ የትራቭል ካርድ (ለጉዞ የሚሆን ፖይንት የሚሰጥ) ማመልከቻ ሞላሁ፣ አይሆንም አሉኝ፣ ተናደድኩና በዛው ሳምንት ሌላ ሁለት ቦታ ሞላሁ፣ እነሱም አይሆንም አሉ። በኋላ በፖስታ የመጣው ደብዳቤ በቂ የክሬዲት ታሪክ (ተበድሮ የመክፈል ታሪክ) የለህም ይላል። (ሲከለክሏችሁ ምክንያቱን የማሳወቅ የህግ ግዴታ አለባቸው፣ ደብዳቤውን ሳታነቡ እንዳትጥሉት።) ሦስቱም ሙከራ ሃርድ ኢንኳየሪ (ካርድ ስትጠይቁ አበዳሪው ታሪካችሁን ያየበት፣ ስኮር ሊቀንስ የሚችል ምዝገባ) ሆኖ ፋይሌ ላይ 2 ዓመት ተቀመጠ።

እኛ ጋር የሚከበረው እዳ የሌለበት ሰው ነው፣ እቁቡን ዓመት ሙሉ ሳያዛንፍ የጣለን ሰው ሰፈሩ ሁሉ ያምነዋል። እዚ ያ እምነት የትም አልተጻፈም። አገር ቤት የነበራችሁ የባንክ ታሪክ አብሯችሁ አይመጣም፣ እዚ የምትጥሉት እቁብም ለማንም ሪፖርት አይደረግም፣ በዴቢት ካርድ የምትከፍሉትም እንደዛው። የሚቆጠረው ኤክስፒሪያን፣ ኢኩዊፋክስ እና ትራንስዩኒየን የሚባሉት ሦስት ድርጅቶች ጋር የተመዘገበው ብቻ ነው፣ እነሱ ጋር ካለው ነው ከ300 እስከ 850 የሚሄደው ስኮር፣ ማለትም አበዳሪ የሚመዝናችሁ ነጥብ፣ የሚሰላው። አብዛኛው አበዳሪ የሚያየው ፋይኮ የሚባለው ስኮር ደግሞ ቢያንስ አንድ 6 ወር የሞላው አካውንት ከሌላችሁ ጭራሽ አይወጣም። ስለዚ መጀመሪያ ላይ ችግራችሁ መጥፎ ስኮር ሳይሆን ስኮር አለመኖሩ ነው፣ ይሄ ደግሞ በትዕግስት የሚስተካከል ነገር ነው።

መጀመሪያ የምታወጡት ሴኪዩርድ ካርድ ነው። 200 ወይ 300 ዶላር ታስይዛላችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያስያዛችሁት ሊሚታችሁ (በካርዱ መጠቀም የምትችሉት ጣሪያ) ይሆናል፣ በደንብ ከከፈላችሁ ቆይተው ዲፖዚቱን ይመልሱላችኋል። ከማውጣታችሁ በፊት ለሦስቱም ድርጅት ሪፖርት ያደርጋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ለአንዳቸውም ካላደረገ ምንም አይጠቅማችሁም። ፕሪፔይድ ካርድ (ቀድማችሁ ብር ሞልታችሁ የምትጠቀሙበት) ከዚ ጋር እንዳይምታታባችሁ፣ እሱ ክሬዲት አይሰራም። ሌላው መንገድ ቆየት ያለ ንጹህ ካርድ ያለው ወንድም ወይ እህት ወይ የትዳር አጋር እንደ ኦቶራይዝድ ዩዘር (በሱ ካርድ እንድትጠቀሙ የተፈቀደላችሁ ሰው) እንዲያስገባችሁ ነው፣ ቶሎ ይረዳል፣ ግን የሱ ካርድ ሞልቶ ከሆነ ወይ ክፍያ እያሳለፈ ከሆነ ለናንተም ይተርፋል፣ ስለዚ የማን ካርድ ላይ እንደምትገቡ እወቁ።

አሁን ማንም ያልነገረኝ ነገር። የካርዱ ስቴትመንት (የወሩ ሂሳብ መግለጫ) የሚዘጋበት ቀን እና የመክፈያው የመጨረሻ ቀን የተለያዩ ናቸው፣ በመሀላቸው ቢያንስ 21 ቀን አለ። አብዛኛው ካርድ ለነዛ ድርጅቶች የሚልከው ስቴትመንቱ ሲዘጋ ያለውን ባላንስ (ያልተከፈለ እዳ) ነው። እንበልና ሊሚታችሁ 300 ዶላር ነው፣ በወሩ ውስጥ አስቤዛ እና ነዳጅ ብላችሁ 270 ተጠቀማችሁ፣ ከዛ በመክፈያው ቀን ሙሉውን ከፈላችሁ። ወለድ አልከፈላችሁም፣ አላሳለፋችሁም፣ ግን ሪፖርቱ ላይ የሚታየው ካርዱን 90 ፐርሰንት የሞላ ሰው ነው፣ እንዲህ አይነቱ ሰው ደግሞ የተጨነቀ ይመስላቸዋል። ከሊሚቱ ምን ያህሉን እንደተጠቀማችሁ የሚያየው ክፍል የፋይኮን 30 ፐርሰንት ገደማ ይይዛል፣ ከሱ የሚበልጠው በሰዓቱ መክፈል ብቻ ነው፣ እሱ 35 ነው። መላው ቀላል ነው፣ ስቴትመንቱ ከመዘጋቱ ሁለት ሦስት ቀን በፊት አብዛኛውን ክፈሉና 20 ወይ 25 ዶላር ገደማ ብቻ ታይቶ ይዘጋ፣ ከዛ የቀረውን በመክፈያው ቀን ጨርሱት። ከሊሚቱ 30 ፐርሰንት በታች ይበቃል ይባላል፣ ከ10 በታች ይበልጥ ጥሩ ነው።

እዚ ላይ አንድ ውሸት ሁሌ እሰማለሁ፣ "ሙሉውን አትክፈል፣ ትንሽ አስተርፍበት፣ ክሬዲት የሚያድገው ወለድ ስትከፍል ነው" የሚል። በጭራሽ እንዳትሰሙት። ወለድ መክፈል ስኮር ላይ ምንም አይጨምርም፣ የሪዋርድ ካርዶች (ፖይንት ወይ ካሽባክ፣ ማለትም ካወጣችሁት ትንሽ ብር የሚመልሱ) ወለድ ደግሞ አሁን በአብዛኛው በዓመት ከ20 ፐርሰንት በላይ ነው፣ 2 ፐርሰንት ካሽባክ ለማግኘት 20 ፐርሰንት የሚከፍል ሰው ምን አተረፈ?

ክፍያ ማሳለፍ ከሁሉም ይከፋል። መክፈያው ካለፈ 30 ቀን ከሞላው ሪፖርት ይደረጋል፣ ከዛ 7 ዓመት ይቀመጣል። የኛ ሰው የሚያሳልፈው ብር ስላጣ ብቻ አይደለም፣ ለሰርግ ወይ ለለቅሶ ድንገት አገር ቤት ገብቶ ሁለት ወር ይቆያል፣ የአሜሪካ ስልኩ ዝግ ነው፣ ባንኩ ለመግቢያ የሚልከው ኮድ አይደርሰውም፣ የ18 ዶላር ቢል ይረሳል። ካርዱን ባገኛችሁበት ቀን ቢያንስ ሚኒመሙን (በወሩ የግድ መከፈል ያለበትን ትንሹን) ኦቶፔይ አድርጉት፣ በራሱ ከባንክ ይከፈል፣ ቤት ስትቀይሩም አድራሻውን ወዲያው ቀይሩ።

ከዛ ሪፖርታችሁን አውጥታችሁ እዩ። አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ላይ የሦስቱንም በየሳምንቱ በነጻ ማየት ይቻላል። እኛ በተለይ ማየት ያለብን ስም ነው፣ የአባት ስም ላስት ኔም ሆኖ ስለሚገባ እና አንዱን ስም በላቲን ፊደል በሦስት በአራት አይነት ስለምንጽፈው የሌላ ሰው አካውንት እኛ ላይ ሊገባ ወይ የኛ ፋይል ሁለት ቦታ ሊከፋፈል ይችላል። ፓስፖርት፣ ሶሻል፣ መንጃ ፈቃድ፣ ባንክ፣ ሁሉም ላይ ስፔሊንጉ አንድ ይሁን። የትውልድ ቀንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሞላችሁበት ፎርም ካለ አስተካክሉት። ስህተት ካገኛችሁ በነጻ ዲስፒውት ታደርጋላችሁ (ስህተት ነው፣ ይታረም ትላላችሁ)፣ በአብዛኛው በ30 ቀን ውስጥ ማጣራት አለባቸው። ክሬዲትህን እናጽዳልህ ብሎ ስራውን ሳይሰራ አስቀድሞ ብር የሚጠይቅ ካጋጠማችሁ ጥሉት፣ ህጉ ራሱ ይከለክለዋል።

ኮሳይን የሚባለውንም፣ ለሌላ ሰው ብድር አብሮ መፈረምን፣ ላንሳ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የተጎዳው በይሉኝታ ነው። ጓደኛ መኪና ሊገዛ "ፈርምልኝ ብቻ፣ የምከፍለው እኔ ነኝ" ይላል። ፊርማው እዳውን የናንተ ያደርገዋል፣ እሱ ሲያሳልፍ የሚወርደው የናንተም ስኮር ነው። እምቢ ማለት ያስቀይማል፣ አውቃለሁ፣ ግን ለመኪናው ቅድሚያ ክፍያ ከአቅማችሁ አዋጥታችሁ መስጠት ከፊርማው ይሻላል።

እንዲህ አድርጋችሁ ዓመት አካባቢ ከሄዳችሁ ብዙ ጊዜ ስኮሩ 700 አካባቢ ይደርሳል፣ ያኔ ነው ወደ ሪዋርድ ካርድ የሚኬደው። ከመሙላታችሁ በፊት ባንኩ ድረገጽ ላይ ፕሪአፕሩቫል (ይሰጡኝ ይሆን ብሎ አስቀድሞ ማየት) ካለ እሱን ሞክሩ፣ እሱ ሶፍት ኢንኳየሪ እንጂ ሃርድ ስላልሆነ ስኮር አይነካም። በኔ አስተያየት የመጀመሪያው ሪዋርድ ካርድ ዓመታዊ ክፍያ የሌለው የካሽባክ ካርድ ቢሆን ጥሩ ነው፣ የጉዞው ካርድ ከዛ በኋላ ይከተላል። ወደ ጉዞው ስትመጡ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ ፎሪን ትራንዛክሽን ፊ፣ ካለው ውጪ አገር በተጠቀማችሁ ቁጥር 3 ፐርሰንት ገደማ ይቆርጣል፣ አብዛኛው የትራቭል ካርድ ግን የለውም። ሁለተኛ ፖይንቱ የት ይሄዳል የሚለው፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2011 ጀምሮ ስታር አላያንስ የሚባለው የአየር መንገዶች ጥምረት አባል ስለሆነ በዩናይትድ (የአሜሪካ አየር መንገድ፣ እሱም አባል ነው) ማይል የኢትዮጵያን በረራ መያዝ ይቻላል፣ የቼዝ ባንክ ፖይንት ወደ ዩናይትድ የሚዛወርባቸው ካርዶች አሉ። ብቻ ቼዝ ባለፉት 24 ወራት 5 እና ከዛ በላይ ካርድ ላወጣ ሰው አብዛኛውን ካርዱን እንደማይሰጥ ይታወቃል፣ ስለዚ በየሱቁ ካሸር ላይ 15 ፐርሰንት ቅናሽ እያሉ የሚሰጧችሁን የሱቅ ካርድ አትሰብስቡ።

ለቦነስ (አዲስ ካርድ ሲወጣ ለሚሰጥ ተጨማሪ ፖይንት ወይ ብር) ብላችሁም ከምታወጡት በላይ አታውጡ። በተለይ በ3 ወር ውስጥ ይሄን ያህል ተጠቀም የሚለውን ለመሙላት ለቤተሰብ የሚላከውን ብር በክሬዲት ካርድ የሚልክ ሰው አለ፣ ብዙ ባንክ ይሄን ካሽ አድቫንስ (ከካርዱ ጥሬ ብር እንደ መበደር) አርጎ ነው የሚይዘው፣ ፊ ይቆርጣል፣ ወለዱ ከዛው ቀን ይጀምራል፣ ፖይንትም አይሰጥም። ሐዋላውን ከዴቢት ወይ ከባንክ አካውንት ላኩ። አዲሱ ካርድ ሲመጣም የድሮዋን ሴኪዩርድ ካርድ ወዲያው አትዝጓት፣ ባንኩን ደውላችሁ ወደ መደበኛ ካርድ ቀይሩልኝ በሉ፣ ዓመታዊ ክፍያ ከሌላት አንድ ትንሽ ቢል፣ ለምሳሌ የስልክ፣ በኦቶፔይ አስራችሁባት ትቀመጥ።