ማየት የተሳናትን የጓሮ ዶሮ እንዴት እንንከባከብ?

አራት ኪሎ፣ አምስት ቤተሰብ በሚጋራው ግቢያችን ውስጥ አንዲት ገብስማ ዶሮ አለችን። ባለፈው ክረምት ጥሬ ሲበተንላት ፍሬውን ትታ አጠገቡ ያለውን መሬት ትለቅም ጀመር። ጎረቤታችን የሆኑ እናት አይተው «ዳፍንት ይዟታል፤ ሳትከሳ እረዷት» አሉን። አላረድናትም፤ ዛሬም እንቁላል ትጥላለች።

መጀመሪያ በእርግጥ አታይ እንደሆነ፣ ካላየችም በየትኛው ዓይኗ እንደሆነ ለዩ። ጭናችሁ ላይ አስቀምጧትና አንዱን ዓይን በመዳፋችሁ ጋርዱ፤ በሌላው በኩል ቁራጭ ጥጥ ከላይ ልቀቁ። በራሷ ከተከተለችው አይታዋለች። እጅ ማወናጨፍ አያዋጣም፤ ነፋሱ ብቻ ያስደነግጣታል። ፍተሻውን በቀን አድርጉት፤ ሲመሽ ጤነኛዋም በደንብ አታይም።

ቀጥሎ ምክንያቱን ፈልጉ። ፊቷ ካበጠ፣ ከዓይኗ ፈሳሽ ከወጣ ወይም ካስነጠሳት ተላላፊ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ከሌሎቹ ለይታችሁ ለእንስሳት ሐኪም አሳዩ፤ ከነካችኋት በኋላም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። የዓይን ቆቧ ላይ ቅርፊት ካለ የዶሮ ፈንጣጣ ሊሆን ይችላል፤ ቅርፊቱን አትላጡት። የብሌኗ ጠርዝ ተዛብቶ ዓይኗ ግራጫ ከሆነ የማሬክ በሽታ (ዶሮን የሚያጠቃ የቫይረስ በሽታ) ይጠረጠራል። መድኃኒት የለውም፤ ክትባቱ የሚሰጠው ጫጩቷ በተፈለፈለች ቀን ስለሆነ ቄብ ስትገዙ ጠይቁ። ቆቧ ሥር አይብ የመሰለ ነገር ከተጠራቀመ ደግሞ የቫይታሚን ኤ እጥረት ሊሆን ይችላል። የእንጀራ ፍርፋሪና ፉርሽካ ብቻ የምትበላ ዶሮ ጎመን፣ ካሮትና ቢጫ በቆሎ ያስፈልጋታል።

የእኛ ጥፋት ሌላ ነበር። ሐምሌ ላይ ብርዱን ፈርተን ቤቷን ዙሪያውን በላስቲክ ጠቀለልነው። ኩሱ ከእርጥቡ ሰጋቱራ ጋር ተብላልቶ የሚወጣው አሞኒያ ዓይኗን አቃጠለው። እኛ ቆመን ስለምናልፍ ሽታው አልተሰማንም። ጎንበስ ብላችሁ በእሷ ቁመት አሽትቱ፤ ዓይናችሁን ከቆጠቆጠው የእሷማ ከዚያ ይብሳል። እርጥቡን ጠርጋችሁ ደረቅ ሰጋቱራ አንጥፉ፤ ከላይ በኩልም አየር ማስገቢያ ክፈቱ።

ዓይኗን ለማጠብ ፈልቶ በቀዘቀዘ ግማሽ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ያልሞላ ጨው በጥብጡ፤ በንጹሕ ጨርቅ ከውስጠኛው ማዕዘን ወደ ውጭ ጥረጉ። ቤት ውስጥ የተረፈ የሰው የዓይን ጠብታ አትጨምሩባት።

ያበጠው ከጎደለ በኋላ የገብስማዋ ቀኝ ዓይን እንደደፈረሰ ቀረ፤ ግራው ጥላና ብርሃን ብቻ ይለያል። ከዚያ ወዲህ ዋናው ሥራ ዕቃዎቿን አለማንቀሳቀስ ነው። ግድግዳ ጥግ ላይ አሮጌ ጆንያ አንጥፉ፤ መኖውንም ውሃውንም በማይገለበጥ የሸክላ ሳህን እዚያው ላይ አኑሩ። ጆንያው እግሯን ሲነካው መድረሷን ታውቃለች። ስትመግቡ ሳህኑን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ምት መታ መታ አድርጉ፤ ከመንካታችሁም በፊት አናግሯት። በቀን ወደ 120 ግራም መኖ ይበቃታል። መሸት ሲል ከአንገቷ ሥር ያለውን የምግብ ከረጢት ዳብሱ፤ ባዶ ከሆነ ሌሎቹ ቀምተዋት ይሆናል። ለብቻዋ አብሏት፤ ካስፈለገም አንዲት ረጋ ያለች ጓደኛ ብቻ ስጧት እንጂ ከአውራ ዶሮ ጋር አትተዋት።

ቆጡን ከመሬት ስንዝር ያህል ብቻ ከፍ አድርጉት። ጭልፊት ሲመጣ አይታ ስለማትሸሽ መዋያዋን ከላይ በሽቦ ሸፍኑት፤ ለድመትና ለሸለምጥማጥም በሩን ማታ ዝጉ።

እንቁላል መጣሏ አይግረማችሁ። እንቁላል እንድትጥል የሚያነሳሳት የቀኑ ርዝመት ነው፤ እሱን የሚለኩት ደግሞ በአንጎሏ ውስጥ ያሉ ሕዋሳት ናቸው፤ ብርሃኑ የራስ ቅሏን አልፎ ይደርሳቸዋል። ስለዚህ ጨለማ ክፍል ውስጥ አትዝጉባት።

በቀደም ግቢ ስንጠርግ ጆንያውንና ሳህኑን ሁለት ክንድ ያህል አራቅናቸው፤ መመለሱን ረሳነው። ማታ ስንመጣ ሳህኑ እንደሞላ ነው። እሷ የድሮው ቦታ ላይ ቆማ ሲሚንቶውን ትለቅማለች።