ለታመመች ድመት ውዱን ምግብ ልግዛ ወይስ ይቅር?

ድመት አርቢ የሆንኩት ሳላስበው ነው። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ «አባዬ፣ ለአንድ ሴሚስተር ብቻ» ብላ ሁለት ድመቶች አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ያለው ቤቴ ውስጥ ትታ ሄደች። ያ ሴሚስተር ይኸው ሰባት ዓመት ሆነው። ሴቷ ዳማ ትባላለች፤ ዕድሜዋ 14 ደርሷል፤ ኩላሊቷ ታሟል። ወንዱ ቡሬ 9 ዓመቱ ነው፤ ከአራት ዓመት በፊት ሽንቱ ተዘግቶ ለጥቂት ተርፏል። እኔ ታክሲ ነጂ ነኝ። ሬገን አየር ማረፊያ ተራ ስንጠብቅ ጓደኞቼ ድሮ ስለ ጎማና ስለ ፍሬን ያማክሩኝ ነበር፤ አሁን ስለ ድመት ሽንት ያማክሩኛል።

ጥያቄያቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ሐኪሟ በትእዛዝ የሚሸጠውን ምግብ ግዛ አለችኝ፤ ዋጋው ከሱፐርማርኬቱ ሁለትና ሦስት እጥፍ ነው። የግድ ነው ወይ?» እኔም ጥያቄውን በጥያቄ እመልሳለሁ፦ በሽታው ምን ይባላል? መልሱ ለኩላሊት ሌላ፣ ለስኳር ሌላ፣ ለሽንት ጠጠር ደግሞ ሌላ ነውና።

ወረቀቱን ይዛችሁ ውጡ

መጀመሪያ በሄድኩበት ክሊኒክ ዳማን ከመረመሩ በኋላ የሂሳብ ሠራተኛዋ 24 ጣሳ የያዘ ካርቶን ከክፍያው ጋር ደምራ ሰጠችኝ። በሽታው ምን ደረጃ ላይ እንደደረሰ፣ ምግቡ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቀጥል የነገረኝ ሰው አልነበረም። እኔም እንደ ትራፊክ ቅጣት ዝም ብዬ ከፈልኩ። እናንተ እንዲህ አታድርጉ። የደሙና የሽንቱ ምርመራ ውጤት ታትሞ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ጉዳዩ ኩላሊት ከሆነ ሦስት ነገር ፈልጉበት፦ ክሬቲኒኑ (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ) ስንት ነው፣ ፎስፈረሱ ስንት ነው፣ ሽንቷስ ምን ያህል ቀጥኗል? ሐኪሞች የድመትን የኩላሊት ሕመም በአራት ደረጃ ይከፍሉታል። ክሬቲኒን በዴሲሊትር ከ1.6 እስከ 2.8 ሚሊግራም ከሆነ ሁለተኛ ደረጃ ነው፤ ከዚያ በላይ እስከ 5 ሦስተኛ፣ ከ5 በላይ አራተኛ። የዳማ 2.3 ነበር። የኩላሊት ምግብ በአብዛኛው የሚመከረው ከሁለተኛው ደረጃ ጀምሮ ነው።

«በሐኪም ትእዛዝ» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያሳስታል። ጣሳው ውስጥ ከፋርማሲ የሚገዛ ዓይነት መድኃኒት የለም። ልዩነቱ ያለው በንጥረ ነገሩ መጠን ላይ ነው፤ አንዱ ተቀንሷል፣ ሌላው ተጨምሯል። ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1939 ነው፤ ማርክ ሞሪስ የተባለ አሜሪካዊ የእንስሳት ሐኪም ቡዲ ለተባለ የዐይነ ስውር መሪ ውሻ ኩላሊቱን የሚያሳርፍ ምግብ አዘጋጀ። ዛሬ ሂልስ፣ ሮያል ካኒንና ፑሪና የየራሳቸውን ይሠራሉ። ሻጮች የሐኪም ፈቃድ የሚጠይቁት ለአንዱ በሽታ የተሠራው ሌላ ሕመም ያለበትን ሊጎዳ ስለሚችል ነው። ለንግዱም እንደሚመች አልክድም፤ ምርመራ ያደረገላችሁ ሰው ምግቡንም ሲሸጥላችሁ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ጥሩ ሐኪም አይቆጣም።

ኩላሊት፦ እዚህ ላይ አልከራከርም

የታመመ ኩላሊት ፎስፈረስ ማስወጣት ያቅተዋል። የቀረው በደም ውስጥ ይከማችና ኩላሊቱን ይበልጥ ያደክማል። ለኩላሊት የሚታዘዘው ምግብ ፎስፈረሱ በጣም የተቀነሰ ነው፤ ፕሮቲኑም ልከኛ ነው፤ ፖታሲየም፣ የቢ ቫይታሚኖችና የዓሣ ዘይት ይጨመርበታል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ ጥናት 45 ኩላሊታቸው የታመመ ድመቶችን እስከ ሁለት ዓመት ተከታትሎ ነበር። ተራ ምግብ ከበሉት ሩብ ያህሉ ቆሻሻው በደማቸው ተጠራቅሞ ክፉኛ ሲታመሙ፣ የኩላሊቱን ምግብ ከበሉት ግን አንዳቸውም አልገጠማቸውም። ይህን ካነበብኩ በኋላ ስለ ዋጋው ማጉረምረም አቆምኩ፤ ቢያንስ በዳማ ፊት።

«ለአዛውንት ድመት» የሚል ጽሑፍ ያለበትን የሱፐርማርኬት ከረጢት በምትኩ መግዛት ይቻላል? አይቻልም። ያ ጽሑፍ ፎስፈረሱ መቀነሱን አያረጋግጥም፤ ብዙ ጊዜ መጠኑ ከረጢቱ ላይ እንኳ አይጻፍም። ወደ አምራቹ ደውላችሁ «በ1000 ኪሎካሎሪ ስንት ግራም ፎስፈረስ አለው?» ብላችሁ ጠይቁ። የኩላሊት ምግቦች በአብዛኛው ከ1.5 ግራም በታች ናቸው፤ ተራ ምግብ የዚህን እጥፍና ከዚያም በላይ ሲይዝ አይቻለሁ። መልስ የማይሰጥ ድርጅት ምግቡንም ለራሱ ያቆየው።

አንድ የሂሳብ ወጥመድም አለ። የእርጥብ ምግብ ጣሳ ላይ ፕሮቲን 10 ከመቶ፣ ውሃ 78 ከመቶ ይላል እንበል። ደረቁ ከረጢት ላይ ፕሮቲን 32፣ ውሃ 8 ይላል። የትኛው ፕሮቲን ይበዛዋል? ውሃውን አውጡት። በጣሳው የቀረው ደረቅ ነገር 22 ነው፤ 10ን ለ22 ስታካፍሉ 45 ከመቶ ይሆናል። በከረጢቱ 32 ለ92 ሲካፈል 35 ከመቶ ገደማ ነው። ትንሽ የመሰለው ጣሳ በለጠ። ውሃውን ሳታወጡ ሁለት ምግብ አታወዳድሩ።

አልበላም ስትል

ዳማ አዲሱን ምግብ አሸተተችና በፊት እግሯ አሸዋ እንደምታለብስ ወለሉን ቧጠጠችው። ከዚህ የባሰ ስድብ የለም። «ሲርባት ትበላለች» ብዬ ተውኳት። በሁለተኛው ቀን ማታ ልጄ ስትደውል ነገርኳት፤ ጮኸችብኝ፤ ጩኸቷ ትክክል ነበር። ድመት እንደ ውሻ አይደለችም። ለጥቂት ቀናት ምግብ ካቆመች፣ በተለይ ወፈር ያለች ከሆነ፣ የሰውነቷ ስብ ወደ ጉበቷ ይጎርፍና ጉበቱን ያሳምመዋል፤ ይህም ሊገድላት ይችላል። አንድ ሙሉ ቀን ካልበላች ወደ ሐኪም ደውሉ።

እኔን የጠቀመኝ ቀስ ማለት ነው። ድሮ የምትወደውን ምግብ መልሼ ሰጠኋትና ከጎኑ በሌላ ሳህን የአዲሱን አንድ የሻይ ማንኪያ አኖርኩ። ስትለምደው መደባለቅ ጀመርኩ፤ በየሦስት ቀኑ ትንሽ ጨመርኩ። ለጤነኛ ድመት ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃል ይባላል፤ ዳማ አምስት ሳምንት ፈጅታለች። ከማቀዝቀዣ የወጣውን ጣሳ ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጬ ለብ ሲል እሰጣታለሁ፤ ሽታው ሲነሳ ትመጣለች። የአንዱን ድርጅት ለስላሳ ሊጥ መሰል ምግብ ጠልታ የሌላውን በመረቅ የተቆራረጠ ወደደች። ስለዚህ ካርቶን ሙሉ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ አንድ ጣሳ ጠይቁ፤ ደረሰኙንም አትጣሉ፤ ድመቷ አልበላም ያለችውን የሚመልሱ አምራቾች አሉ።

ዋናው ጥንቃቄ ግን ይህ ነው፦ እያቅለሸለሻት ሳለ አዲሱን ምግብ አታቅርቡ። ሕመሙን ከምግቡ ጋር አያይዛ ዳግመኛ አትቀርበውም። መጀመሪያ ሐኪሙ ማቅለሽለሹን ያስታግስላት። ሁሉም ተሞክሮ እምቢ ካለችስ? ያን ጊዜ ፎስፈረሱ ዝቅ ያለ ተራ እርጥብ ምግብ ተፈልጎ፣ እንደ አስፈላጊነቱም ፎስፈረስን አንጀት ውስጥ የሚይዝ መድኃኒት ከሐኪም ተጨምሮ ይቀጥላል። ሳህን ላይ የሚደርቅ የታዘዘ ምግብ ለማንም አይጠቅምም።

የቡሬ ሌሊት

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከሥራ ስገባ ቡሬ አሸዋ ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጦ ያምጥ ነበር። ይወጣል፣ ተመልሶ ይገባል። የሆድ ድርቀት መስሎኝ ወተት ሰጥቼ ተኛሁ። ጠዋት ሲያስመልስ አገኘሁት፤ ሆዱ እንደ ኳስ ጠጥሯል። የሽንት ቱቦው ተዘግቶ ነበር። ወንድ ድመት ሽንቱ ከተዘጋ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። እያማጠ ጠብታ ሽንት ካልወጣው ስለ ምግብ ማንበባችሁን ትታችሁ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክሊኒክ ውሰዱት። እኔ 2,800 ዶላር ከፍያለሁ፤ ስድስት ሰዓት ቀድሜ ብሄድ ኖሮ ቡሬ ያን ያህል ባልተሠቃየ።

ቱቦውን የዘጋው ጠጠር ስትሩቫይት የሚባለው ነበር። ዕድለኞች ነን። ስትሩቫይት ለዚሁ በተሠራ ምግብ በሳምንታት ውስጥ ሊሟሟ ይችላል። ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባለው ግን በምንም ምግብ አይሟሟም፤ በቀዶ ሕክምና ወይም በሌላ መንገድ ይወጣል። ስለዚህ «የሽንት ምግብ» ከመግዛታችሁ በፊት የጠጠሩ ዓይነት ምን እንደሆነ ጠይቁ። በሱፐርማርኬት «ለሽንት ጤና» ተብሎ የሚሸጠው ያለውን ጠጠር ለማሟሟት የተሠራ አይደለም። እርጥብ ምግብና ብዙ ውሃ ግን ለሁሉም ይረዳል፤ ቤቴ ውስጥ አራት የውሃ ሳህን አለ፤ አንዱን ሁልጊዜ እኔ እረግጠዋለሁ።

ሁለት የታመሙ ድመቶች ካሏችሁ የምነግራችሁን ልብ በሉ። የዳማ ምግብ ሽንትን ከአሲድነት ያርቃል፤ የቡሬ ምግብ ደግሞ ወደ አሲድነት ይስባል። አንዱ የሌላውን ቢበላ ያለፈው በሽታ ሊመለስ ወይም ያለው ሊብስ ይችላል። ቀኑን ሙሉ ሳህን ሞልቶ መተው በእኛ ቤት ቀርቷል። ጠዋትና ማታ፣ በሁለት ክፍል፣ በር ተዘግቶ፣ ለ20 ደቂቃ። ከዚያ ሳህኖቹ ይነሳሉ።

ተራው ምግብ የሚበቃበት

ስኳር ሕመም ላይ ኪሳችሁ ትንሽ ይተነፍሳል። እዚህ የሚፈለገው ፕሮቲኑ ከፍ ያለ፣ ስታርቹ ያነሰ ምግብ ነው፤ ይህንንም ብዙ ተራ እርጥብ ጣሳዎች ያሟላሉ። በተራ አብሮኝ የሚቆም አንድ ጓደኛዬ ድመቱን በሐኪሙ ስምምነት ወደ ሱፐርማርኬት ጣሳ አዛውሯል። ግን በስምምነት ነው፤ ኢንሱሊን እየተወጋች ያለች ድመት ስታርቹ ሲቀንስ የድሮው መጠን ይበዛባትና ስኳሯ በድንገት ሊወርድ ይችላል። ምግቡ ከመቀየሩ በፊት የመርፌው መጠን ይታይ።

የምግብ አለርጂ ከሆነ ተቃራኒው ነው። «አንድ ሥጋ ብቻ» የሚሉ የመደርደሪያ ምግቦች ሲመረመሩ ያልተጻፈ ሌላ ሥጋ የተገኘባቸው ብዙ ናቸው። ለሙከራው ጊዜ፣ ቢያንስ ለስምንት ሳምንት፣ ፕሮቲኑ የተሰባበረውን የታዘዘ ምግብ ግዙ፤ ከዚያ ውጪ ምንም አይቅመስ። ከልክ በላይ ለሚሠራ የእንቅርት ዕጢ ደግሞ አዮዲን የተቀነሰበት ምግብ አለ፤ እሱም የሚሠራው ድመቷ ሌላ ምንም ካልቀመሰች ነው። ጎረቤት የምትጎበኝ ድመት ካለቻችሁ ዕጢውን የሚያረጋጋው ኪኒን ይሻላል።

ደሴ ያለችው እናቴ ይህን ሁሉ በስልክ ስነግራት «ለድመት የሐኪም ትእዛዝ? አይጡ ሁሉ የት ሄዶ ነው?» ትለኛለች። ከዚያ የወጥ ፍትፍት እንድሰጣት ትመክረኛለች። እናቴን እንቢ የምልበት አንዱ ጉዳይ ይህ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፤ የእኛ ቁሌት ደግሞ ያለ እነሱ አይሆንም። የተረፈ ቅልጥም ማካፈልም ቢሆን ለኩላሊት ሕመምተኛ የፎስፈረስ ክምር ነው። ቤት ውስጥ በግምት ማብሰልም አደጋ አለው፤ ድመት ታውሪን የተባለውን ንጥረ ነገር ካላገኘች ልቧ እንደሚደክም እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ይታወቃል። ቤት ማብሰል የግድ ከሆነ ቀመሩን የእንስሳት ሥነ ምግብ ባለሙያ ይጻፈው። አዲስ አበባ ሆነው የታዘዘውን ምግብ ማግኘት ለሚቸገሩ፣ ቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የማስተማሪያ ሆስፒታል ስላለው ምክር መጠየቅ ይቻላል።

ዋጋን በተመለከተ ከሐኪማችሁ የጽሑፍ ፈቃድ ውሰዱና ሌላ ቦታም ጠይቁ፤ ስታወዳድሩም በጣሳ ሳይሆን በካሎሪ ይሁን። ትንሿ ጣሳ ርካሽ መስላ በቀን ሦስት ታስበላለች።

የነዳጅና የኪሎሜትር መዝገቤ የመጨረሻ ገጾች አሁን የድመት ናቸው። በየሁለት ሳምንቱ እመዝናቸዋለሁ፤ ዳማን ይዤ ሚዛን ላይ እወጣለሁ፣ ብቻዬን ደግሜ እወጣለሁ፣ እቀንሳለሁ። በየአራት ወሩ ደሟ ሲመረመር «ይህ ምግብ አሁንም ይስማማታል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ባለፈው እሑድ የጻፍኩት፦ ዳማ 3.7 ኪሎ፣ ቡሬ 5.9። ከቡሬው ቀጥሎ «ቀንስ» የሚል ተጽፏል፤ እስካሁን አልቀነስኩም።