የቀበሌና የወረዳ ሹሞች ከአባጋሮች ጋር ሲሠሩ የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

ወሎ ውስጥ ባቲ፣ ሐብሩ ወይም ከሚሴ አካባቢ ደም ሲፈስ ብዙ ጊዜ አባጋር፣ ማለትም በባህል የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች፣ ይጠራሉ። መንግሥትም ሥርዓቱን ዝም ብሎ ማየት አይችልም። ግን የማይመለከተው ቦታ ገብቶ የሚመለከተውን ይዘላል።

በመጀመሪያ፣ ሽማግሌ መሾም። ኮሚቴ ያዋቅራሉ፣ ማኅተም ይሰጣሉ፣ አበል ይቆርጣሉ። አባጋርነት ግን በዘር ይወርዳል፤ ሰው ካላመነባቸው ደግሞ ዘሩም ብቻውን አያስከብራቸውም። ሰው የሚታዘዛቸው ዱዓቸውን ስለሚሻ፣ እርግማናቸውንም ስለሚፈራ ነው። በማኅተም የሚረግም እስካሁን አልታየም! ባለጉዳዩ በኮሚቴው ፊት «እሺ» ብሎ፣ ማታ እውነተኛው ሽማግሌ ቤት ይሄዳል።

በሕግ ይጠፋል ብሎ መጠበቅም ከንቱ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3347፣ ሕጉ ባካተታቸው ጉዳዮች ላይ የነበሩ የልማድ ደንቦችን ሽሯል። ሽምግልናው ግን ይኸው አለ።

ትልቁ ስህተት ግድያ ላይ ነው። «ታርቀዋል» ተብሎ መዝገብ ይዘጋል። ሆን ተብሎ የተፈጸመ ግድያን የሚከሰው ዐቃቤ ሕግ ነው፤ የቤተሰብ እርቅ ክሱን አያቆመውም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34(5) ለባህል ሕግ በር የከፈተው ለግልና ለቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ ያውም ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ። «ተፈርዶበት ወህኒ ወርዷል፣ አለቀ» ማለትም ያው ስህተት ነው። ለሟች ወገን አላለቀም። ካሳ ተከፍሎ ደሙ ካልደረቀ የገዳዩ ወንድም ገበያ መውጣት ይፈራል። ገዳዩም ተፈትቶ ሲመጣ ጠመንጃ ይጠብቀዋል። ክሱም እርቁም ጎን ለጎን ይሂዱ። ዳኛው ጸጸቱንና ካሳውን ቅጣት ማቅለያ ሊያደርገው ይችላል።

ከሚሴ ላይ ደግሞ ሌላ መደናገር አለ። ኦሮሚያ በ2013 ለባህል ፍርድ ቤቶች አዋጅ አውጥታለች። ከሚሴ ያለችበት የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ግን በአማራ ክልል ሥር ስለሆነ ያ አዋጅ አይደርሰውም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 78(5) ለባህል ፍርድ ቤት ዕውቅና የሚሰጡት የተወካዮች ምክር ቤትና የክልል ምክር ቤቶች ናቸው። ቀበሌ በቃለ ጉባኤ ፍርድ ቤት አይፈጥርም።

ቁጥጥር በጣም የሚያስፈልገው በባለጉዳዮቹ ፈቃድ ላይ ነው፤ የሚጠፋውም እዚያው ነው። የሚስትን «እሺታ» ከባሏ አፍ ሰምታችሁ አትመዝግቡ። ብቻዋን ጠይቋት። አስገድዶ መድፈር ወይም ያለ ዕድሜ ጋብቻ ለሽምግልና ሲቀርብ ግን ፈቃድ መጠየቅም የለም፤ በቀጥታ ወደ ፖሊስ ነው።