የተገለበጠው ክራር፦ ራሳችንን በስልክ ስንቀርጽ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የወንድሜ ልጅ የምትኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። 12 ዓመቷ ነው። ክራር መማር እፈልጋለሁ ብላ ስትለምነኝ ደስታዬን አልቻልኩትም። በየሳምንቱ አንድ አጭር ቪዲዮ እየቀረጽኩ በቴሌግራም እልክላት ጀመር። ስልኩን መጽሐፍ ላይ አስደግፌ፣ የፊቱን ካሜራ ከፍቼ፣ ራሴን እያየሁ ነበር የምቀርጸው።

ከ3 ሳምንት በኋላ በቪዲዮ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ እይልኝማ!» አለችና በትዝታ ቅኝት ያስጠናኋትን መጫወት ጀመረች። ድምፁ አልጠፋትም። እጆቿ ግን ተቀያይረዋል። ክራሩን በቀኝ ጎኗ አቅፋ በግራ እጇ ትገርፈዋለች። ከክሮቹ ጀርባ ሆነው የማይፈለገውን ክር ዝም የሚያሰኙት የግራ እጅ ጣቶች መሆን ሲገባቸው፣ እሷ ይህን ሥራ ለቀኝ እጇ ሰጥታዋለች።

«የኔ ልጅ፣ እንዲህ ያዢው ያለሽ ማነው?»

«አንተ ነሃ! ቪዲዮው ላይ እንደዚህ ነው የያዝከው።»

የላክሁላትን ከፍቼ አየሁት። እውነቷን ነው። ግራዬ ቀኝ፣ ቀኜ ግራ ሆኗል። ልጅቷ አንድም ነገር አላጠፋችም፤ ያሳየኋትን ነው የተማረችው። እጅ ደግሞ አንዴ ከለመደ በቀላሉ አይመለስም። ያንን ለማስተካከል 2 ወር ፈጀብን።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሲጫወት የቀረጸውን ቪዲዮ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ መጀመሪያ እጁ ላይ ነው የሚያርፈው። እንደ መስታወት የተገለበጠው ብዙ ነው። ሰዎቹ የሚሳሳቱት ደግሞ ተመሳሳይ ቦታ ላይ ነው።

ስክሪኑ ላይ የሚታየውና የሚቀረጸው አንድ ነው ብሎ ማመን

የሁሉም ነገር መነሻ ይሄ ነው። የፊት ካሜራ ስንከፍት ስልኩ ሆን ብሎ መስታወት ሆኖ ይታየናል። ቀኝ እጃችንን ስናነሳ በዚያው በቀኝ በኩል ያለው እጅ ይነሳል። እንዲህ ባይሆን ፀጉራችንን ለማስተካከል እንኳ እጃችን ይሳሳት ነበር። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ቪዲዮው ሲቀመጥ ነው። አንዱ ስልክ ሌላ ሰው እንደሚያየን አድርጎ አስተካክሎ ያስቀምጠዋል። ሌላው ስክሪኑ ላይ እንደታየው፣ እንደተገለበጠ ይተወዋል። የሚወስነው ሴቲንግ ነው። አይፎን ላይ ከአይኦኤስ 14 ጀምሮ በካሜራ ሴቲንግ ውስጥ «ሚረር ፍሮንት ካሜራ» የሚል ማብሪያ ማጥፊያ አለ። ሲበራ እንደ መስታወት ይቀርጻል፤ ሲጠፋ ያስተካክላል። በቆዩት አይፎኖች ላይ ይህ ማብሪያ የሚሠራው ለፎቶ ብቻ ነው። ሳምሰንግም ሴልፊ ስክሪኑ ላይ እንደታየው ሴቭ እንዲደረግ የሚያዝ የራሱ ምርጫ በካሜራው ሴቲንግ ውስጥ አለው። ማክ ኮምፒውተር ላይ ያለው ፎቶ ቡዝ ደግሞ ካልነገሩት በቀር መስታወት ነው። አንዳንድ የማኅበራዊ ሚዲያ አፖች የራሳቸውን ካሜራ ስለሚጠቀሙ የስልካችሁን ሴቲንግ ላይሰሙ ይችላሉ።

ዙም ላይ ነገሩ ሌላ ነው። «ሚረር ማይ ቪዲዮ» የሚለው የሚነካው እኛ ራሳችንን የምናይበትን ብቻ ነው፤ ተማሪው የሚያየን በትክክለኛው በኩል ነው። ስለዚህ በዙም ስታስተምሩ እጃችሁ ተገልብጦ ቢታያችሁ አትደንግጡ።

እኔ የምመክረው አንድ ነገር ነው፤ በኋላ ካሜራ ቅረጹ። የኋላ ካሜራ አይገለብጥም። ጥራቱም አብዛኛውን ጊዜ ይሻላል። ራሴን ካላየሁ ከፍሬም እወጣለሁ የሚል ስጋት ካለባችሁ፣ ቤት ውስጥ ያለ ሰው አንዴ እንዲያይላችሁ አድርጉና ወንበሩ ያለበትን ቦታ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ።

ፊትን አይቶ መፍረድ

ቪዲዮውን አይተን «ልክ ነው» ወይም «ልክ አይደለም» የምንለው ብዙ ጊዜ ፊታችንን አይተን ነው። ፊታችን ግን መጥፎ ምስክር ነው። ዕድሜ ልካችንን የምናውቀው የመስታወቱን ፊታችንን ነው። በአሜሪካ ዊስኮንሲን ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣ አንድ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል። ሰዎች ከራሳቸው ፎቶ የተገለበጠውን ሲመርጡ፣ ጓደኞቻቸው ግን ያልተገለበጠውን መርጠዋል። እያንዳንዱ የለመደውን ነው የወደደው።

ስለዚህ ትክክለኛው ቪዲዮ ለእኛ ጎበጥ ያለና ባዕድ ፊት ሊመስለን ይችላል። «አስቀያሚ ሆንኩ» ብላችሁ እንዳትገለብጡት። የሚያዩዋችሁ ሰዎች የሚያውቁት ያንን ፊት ነው። ፊታችሁን ተዉትና እጃችሁን እዩ።

በማይለይ ፊደል መሞከር

ወረቀት ላይ ጽፎ ካሜራው ፊት መያዝ ቀላሉ መፈተኛ ነው። ተገልብጦ ከታየ ታወቀ ማለት ነው። የእኛ ፊደል ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። በ እና ሠ ግራና ቀኛቸው ተመሳሳይ ስለሆነ ቢገለበጡም ያው ናቸው። ሀም እንደዚያው ነው ማለት ይቻላል። እኔም መጀመሪያ በትልቁ «በ» ብዬ ጽፌ ሞክሬ ምንም ልዩነት ሳላይ ቀርቻለሁ።

«ቡ ቢ ቤ» ብላችሁ ጻፉ። የቡ ቅጥያ ከወገቡ በስተቀኝ ነው። የቢም ከእግሩ በስተቀኝ ነው። የቤ ቀለበትም እንዲሁ በስተቀኝ ነው። ከእነዚህ አንዱ ወደ ግራ ዞሮ ካያችሁት ቪዲዮው ተገልብጧል።

መሣሪያው ራሱ የሚናገረውን አለመስማት

ወረቀት ባይኖርም መሣሪያው ይናገራል። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ጊታሪስት ወደ እኛ ዞሮ ሲጫወት የጊታሩ አንገት ወደ እኛ ቀኝ ያመለክታል። ወደ ግራችን ካመለከተ፣ ወይ ሰውዬው ግራኝ ነው፣ ወይ ቪዲዮው ተገልብጧል። ማሲንቆ ላይ ደጋኑ የሚያዘው በቀኝ እጅ ነው፤ ክሯን የሚጫኑት የግራ እጅ ጣቶች ናቸው። የወንድ ሸሚዝም ይረዳል፤ ቁልፎቹ የሚሰፉት በለባሹ ቀኝ በኩል ነው።

ፒያኖ ላይ ግን ልቆይ፤ እዚህ ያለው ጉዳት ለዓይን አይታይምና። የፒያኖ ጥቁር ቁልፎች 2፣ 3፣ 2፣ 3 እየሆኑ ነው የሚደረደሩት። ይህ አደራደር ከሬ ላይ፣ ማለትም በ2ቱ ጥቁሮች መካከል ካለው ነጭ ቁልፍ ላይ ቢታጠፍ ግራው ከቀኙ ጋር ልክ ይገጥማል። ስለዚህ የተገለበጠ ፒያኖ ፍጹም ጤነኛ ፒያኖ ይመስላል። ነገር ግን ዶ የነበረው ሚ ሆኖ ይታያል፣ ሚ ዶ ይሆናል፣ ሶል ደግሞ ላ ይሆናል። አሁን አስቡት። መምህሩ ዶ፣ ሚ፣ ሶልን አንድ ላይ ነክቶ ዶ ሜጀር የሚባለውን ኮርድ ይመታል። ተማሪው ስክሪኑ ላይ የሚያየው ግን ላ፣ ዶ፣ ሚ ነው፤ ላ ማይነር የሚባለው ሌላ ኮርድ። ጆሮው ሜጀር ይሰማል፣ ዓይኑ ማይነር ያያል። ጀማሪ ከሆነ ደግሞ ጆሮውን ሳይሆን ዓይኑን ነው የሚያምነው። «እኔ ነኝ የማልችለው» ብሎ ተስፋ የቆረጠ ልጅ ይኖራል ብዬ ሳስብ ያመኛል። ለማጣራት ከተጫዋቹ ትከሻ በላይ ሆኖ የተቀረጸውን ከፍታችሁ ጎርናናው ድምፅ የሚወጣው በግራ በኩል መሆኑን እዩ።

ይህ የምስል ጣጣ ከስልክ በፊትም ነበረ። ቢሊ ዘ ኪድ የሚባለው የአሜሪካ ሽፍታ እ.ኤ.አ. በ1880 አካባቢ በቆርቆሮ ላይ በሚታተም ፎቶ ተነስቷል። ያ ዓይነት ፎቶ ሰውን እንደ መስታወት ነው የሚያወጣው። ሽጉጡ በግራ ወገቡ ስለሚታይ ሰውዬው ለብዙ ዓመታት ግራኝ ነው ሲባል ኖረ። እውነቱን ያወጣው የያዘው ጠመንጃ ነው። የ1873 ሞዴል ዊንቸስተር ጥይት የሚጎርሰው በቀኝ ጎኑ ሲሆን ፎቶው ላይ ግን በግራ ይታያል። ዕቃው አልዋሸም።

ግራ እጅ ባየን ቁጥር ተገልብጧል ማለት

ይህኛው ነገሩን ካወቅን በኋላ የሚመጣ ስህተት ነው። አንዴ ከነቃን ሁሉንም ማቅናት ያምረናል። በገና እንኳ ብዙ ጊዜ የሚደረደረው በግራ እጅ ጣቶች ነው። 10ሩን አውታር ግራ እጅ ሲነካቸው ያየ ሰው «ተገልብጧል» ብሎ ቢገለብጠው ደህናውን ያበላሻል። የቢትልስ ባንድ አባል የነበረው ፖል ማካርትኒ ቤዝ የሚጫወተው በግራው ነው። አሜሪካዊው ጊታሪስት ጂሚ ሄንድሪክስም ለቀኝ እጅ የተሠራ ጊታር ገልብጦ፣ ክሮቹን ቀይሮ አስሮ ነበር የሚጫወተው። ስለዚህ ከመገልበጣችሁ በፊት ሁለተኛ ማስረጃ ፈልጉ። የሸሚዝ ቁልፍ፣ የግድግዳ ላይ ጽሑፍ፣ የሰዓት ቁጥር ይበቃል።

ማዞርን ከመገልበጥ ማምታታት

ኤዲቲንግ አፕ ከፍተው «ሮቴት» የሚነኩ አሉ። ሮቴት ቪዲዮውን ያሽከረክረዋል እንጂ ግራና ቀኙን አይቀይረውም። የፈለጉትን ያህል ቢያዞሩት አይስተካከልም። ካፕከት ላይ «ሚረር»፣ ኢንሾት ላይ «ፍሊፕ»፣ ማክ ላይ ኩዊክታይም ውስጥ «ፍሊፕ ሆሪዞንታል» የሚለውን ነው መንካት ያለባችሁ።

ግጥሙን ከጻፉ በኋላ መገልበጥ

መጀመሪያ ገልብጡ፣ ከዚያ ጻፉ። ግጥሙን፣ ስማችሁን፣ የቅኝቱን ስም ጽፋችሁ ኤክስፖርት ካደረጋችሁ በኋላ ብትገለብጡት ጽሑፉም አብሮ ይገለበጣል። ሁለት ጊዜ መገልበጥም አለ። ስልኩ አስተካክሎ ያስቀመጠውን ሳናይ አፑ ላይ ደግመን እንገለብጠዋለን፤ ተመልሶ ይበላሻል። ዋናውን ፋይል ደግሞ አታጥፉ። ዩቲዩብ ላይ አንዴ የተጫነ ቪዲዮ በዚያው ሊንክ በሌላ ፋይል አይተካም። እንደ አዲስ መጫን ይኖርባችኋል፤ የሰበሰባችሁት አስተያየትም እዚያው አሮጌው ላይ ይቀራል።

ድምፁን መርሳት

ምስል ሲገለበጥ ድምፅ አይገለበጥም። በ2 ማይክ ስቴሪዮ የቀረጻችሁ ከሆነ፣ በግራ የተቀመጠው ማሲንቆ በምስሉ ወደ ቀኝ ይሄድና ድምፁ በግራ ጆሮ ይቀራል። ኢርፎን አድርጋችሁ አንዴ ስሙት።

ሆን ብሎ ገልብጦ አለመናገር

መገልበጥ ሁሌ ጥፋት አይደለም። እስክስታ የሚያስተምር ሰው ተማሪው መስታወት ፊት እንደቆመ ሆኖ እንዲከተለው ብሎ ቢገለብጠው ያስኬዳል፤ ትከሻ ግራም ቀኝም አለው። ለግራኝ ልጅ ደግሞ የተገለበጠ የጊታር ትምህርት ትልቅ ስጦታ ነው። በእሱ እጅ የሚጫወት መምህር በቀላሉ አያገኝምና። ብቻ ቪዲዮው መጀመሪያ ላይ «ይህ ለግራኞች የተገለበጠ ነው» ብላችሁ ጻፉ። አንድ መስመር ነው፤ ሌላውን ልጅ ከ2 ወር ልፋት ያድነዋል።

እኔ አሁን ክራሩን ከማንሳቴ በፊት አንድ ነገር አደርጋለሁ። ቀኝ እጄን አነሳና «ይህ ቀኝ እጄ ነው፤ የምገርፈው በዚህ ነው» እላለሁ። ቀጥሎ ግራዬን ከክሮቹ ጀርባ አስገብቼ ጣቶቼን አንድ በአንድ አሳያለሁ። ባለፈው እሁድ የወንድሜ ልጅ የራሷን ቪዲዮ ላከችልኝ። በባቲ ቅኝት ነው። ከመጀመሯ በፊት ቀኝ እጇን አነሳችና «ጋሼ፣ ይህ ቀኝ እጄ ነው» አለች። ከኋላዋ ግድግዳው ላይ በእጇ የጻፈችው ወረቀት ተለጥፏል። ቡ፣ ቢ፣ ቤ ይላል። ቀለበቱ በስተቀኝ ነው።