ከመጠጥ ለመላቀቅ ወደ ድጋፍ ስብሰባ ሲሄዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መጠጥ ለማቆም የሚታገሉ ሰዎች በሚገናኙበት የድጋፍ ስብሰባ በር ላይ ቆሜ አዲስ የሚመጡትን መቀበል ከጀመርሁ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። እኔም በዚያው በር እየፈራሁ የገባሁ ሰው ነኝ፤ ከዚህ በታች ከማነሣቸው ስህተቶች አንዳንዶቹን ራሴ ፈጽሜአቸዋለሁ።

«መጀመሪያ ራሴን ላስተካክልና ከዚያ እመጣለሁ» የሚለውን ቃል ግን ከእንግዲህ በትዕግሥት መስማት አልችልም። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተባለው ማኅበር ከአባላቱ የሚጠይቀው መጠጥ የማቆም ፍላጎትን ብቻ ነው፤ አቁሞ መምጣትን አይጠይቅም። ከሁለቱ መሥራቾች አንዱ የሆነው ሐኪሙ ቦብ ስሚዝ እንኳ በ1935 እ.ኤ.አ. አክረን በተባለችው የአሜሪካ ከተማ ከቢል ዊልሰን ጋር ተገናኝቶ መጠጥ ከተወ በኋላ፣ ለሕክምና ጉባኤ በሄደበት እንደገና ጠጥቷል። ማኅበሩ የልደት ቀኑን የሚቆጥረው ቦብ ከዚያ ውድቀት ተመልሶ የመጨረሻውን መጠጥ ከቀመሰበት ከጁን 10 ቀን ነው።

ይህ ስህተት ከማዘግየትም አልፎ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ለብዙ ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ ከ6 እስከ 24 ሰዓታት ውስጥ መንቀጥቀጥ፣ ላብና ጭንቀት ሊጀምረው ይችላል፤ በሁለቱ ቀናት ውስጥ የሚጥል በሽታን የመሰለ መንፈራገጥ ሊከተል፣ ከዚያም በኋላ የሌለ ነገር የሚያሳይና የሚያቃዥ፣ ካልታከመ የሚገድል ሕመም ሊነሣ ይችላል። ስልክ ደውሎልኝ «በሚቀጥለው ሳምንት ንጹሕ ሆኜ እመጣለሁ» ያለኝ አንድ ወጣት ራሱን ቤቱ ውስጥ ቆልፎ መጠጡን በአንድ ጊዜ አቆመ፤ በሁለተኛው ቀን ወንድሙ በሩን ገፍቶ ሲገባ ወለሉ ላይ ሲንፈራገጥ አገኘው። እኛ ዘንድ የደረሰው ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ሲሆን፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሚደውልልኝ ሁሉ አስቀድሜ የምለው «ማቆሙን ከሐኪም ጋር ይመካከሩበት፤ ወደ ስብሰባው ግን ዛሬውኑ ይምጡ» የሚል ነው።

ወራት አቁሞ ከቆየ በኋላ አገርሽቶበት በሐፍረት የሚቀርም ያንኑ ስህተት ነው የሚሠራው። ወንበሩ አልተወሰደበትም። በአንዳንድ ቡድኖች የዚያን ዕለት የጠጣ ሰው እንዳይናገር ይጠየቃል፤ ተቀምጦ ማዳመጥ ግን ይችላል። ያዘኑበት መስሎት የሚሸሻቸው ሰዎች ብዙዎቹ በተመሳሳይ መንገድ ወድቀው የተመለሱ ናቸው።

በአንድ ስብሰባ ብቻ ሁሉንም መመዘንም አይገባም። ክፍት ስብሰባ ማንም ሰው፣ ቤተ ዘመድም ጭምር፣ ገብቶ የሚያዳምጥበት ሲሆን፣ ዝግ ስብሰባ ግን የመጠጥ ችግር ላለባቸው ብቻ ነው፤ አንዱ ሰው ታሪኩን የሚናገርበት አለ፣ ሁሉም የሚወያይበት አለ፣ ለሴቶች ብቻ የተለየም አለ። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚከተላቸው የ12ቱ ደረጃዎች መንፈሳዊ አነጋገር ለሚከብደው ደግሞ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ስማርት ሪከቨሪ የተባለው ማኅበር አስተሳሰብንና ልማድን በመለወጥ ላይ የተመሠረተ ሌላ መንገድ ይዟል። ቢያንስ አምስት ስድስት የተለያዩ ስብሰባዎችን ሳያዩ አይወስኑ።

ሳይደውሉ አይሂዱ፤ የስብሰባ ዝርዝሮች ቶሎ ያረጃሉ። የተቆለፈ በር ያጋጠማት አንዲት ሴት እንደገና ለመምጣት ድፍረት እስክታገኝ አንድ ዓመት ፈጅቶባታል።

የእኔ ስህተት ዘግይቶ መግባትና ቀድሞ መውጣት ነበር። ጃኬቴን ሳላወልቅ ለበሩ በቀረበው ወንበር እቀመጥና፣ ሰዎቹ ለስንብት ሲነሡ እኔ ደረጃውን ወርጄ እጨርስ ነበር። ስድስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ተመላልሼ የአንድ ሰው ስም እንኳ አላወቅሁም። በሰባተኛው ሳምንት በአንድ ሌሊት ጥማቱ ሲበረታብኝ ስልኬን አወጣሁና ስሞቹን ከላይ እስከ ታች አየሁ፤ ሁሉም አብረውኝ የሚጠጡ ነበሩ፤ ለአንዱ ደወልሁ፤ ጠጣሁም። ስለዚህ 10 ደቂቃ ቀድመው ይድረሱ፤ ሲያልቅም ቆይተው ወንበር በመሰብሰብ ያግዙ፤ ቢያንስ የሁለት ሰዎችን ስልክ ይያዙ፤ ደህና በሆኑበትም ቀን ይደውሉላቸው፤ አለዚያ በክፉው ሌሊት እጅዎ ወደ ቁጥሩ አይሄድም።

በስብሰባ የሰሙትን ታሪክ፣ ያዩትንም ሰው ማንነት፣ ውጭ አያውሩ።

መድኃኒትን በተመለከተ አጥብቄ የምናገረው አለኝ። ለድብርት የታዘዘለትን መድኃኒት፣ ወይም የመጠጥ ፍላጎትን የሚቀንሰውን ናልትሬክሶን የሚወስድ ሰው «ያም ሱስ ነው፤ ተወው» የሚል አባል ሊያጋጥመው ይችላል። እንዲህ ያለ ምክር አይቀበሉ፤ ስለ መድኃኒት የሚወስነው ሐኪምዎ እንጂ የረጅም ጊዜ አባልነት አይደለም።

ለቤተሰቦችም አንድ ነገር አለኝ። በሚወዱት ሰው ፈንታ ስብሰባ መፈለግ መልካም ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ሰውየውን በር ድረስ ሸኝቶ መጠበቅና ሲወጣ «ምን ተባለ? አንተስ ምን አልህ?» እያሉ መመርመር ገና መናገር የጀመረውን አፍ ይዘጋዋል። ለጠጪ ቤተሰቦች ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አል-አኖን የተባለ የራሳቸው ስብሰባ አላቸው። ባሏን በየሳምንቱ መኪና ውስጥ ሆና ትጠብቅ የነበረች አንዲት እናት ይህን ስነግራት ቅር ተሰኝታ ነበር፤ አሁን እርሷ ማክሰኞ ወደ ራሷ ስብሰባ ትሄዳለች፣ እርሱም ሐሙስ ብቻውን ይመጣል።