በአይጥ የሚሠራ የመርሳት በሽታ ጥናት እንዳይሸውዳችሁ

ኅዳርን ደብረ ብርሃን ያሳለፈ ሰው ያውቀዋል። በባልዲ ያደረ ውሃ ጠዋት እጅ ያደነዝዛል። ይህ ብርድ የወራት ልፋቴን ገደል ከቶታል። እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የኔ ነው።

አንድ የአካባቢያችን ቅጠል ለማስታወስ ይረዳ እንደሆነ በነጭ አይጦች እየሞከርኩ ነበር። ፈተናው ተመራማሪው ሪቻርድ ሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1981 ያስተዋወቀው የውሃ ገንዳ ነው። ከውሃው ሥር መቆሚያ ይደበቃል፤ አይጧ እየዋኘች ትፈልገዋለች። ቦታውን እየያዘችው ስትሄድ በየቀኑ ቶሎ ታገኘዋለች። ቅጠሉን ያልወሰዱትን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አስዋኘኋቸው። የወሰዱትን ከምሳ በኋላ። የወሰዱት በሰፊው በለጡ። ደስታዬን አትጠይቁኝ! በኋላ ቴርሞሜትር ስናስገባ የጠዋቱ ውሃ 16 ዲግሪ፣ የከሰዓቱ 23 ሆኖ ተገኘ። አይጥ ትንሽ ናት፤ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሰውነቷ ወዲያው ይቀዘቅዛል፣ መዋኘትም ያቅታታል። ወራት ሙሉ የለካሁት ፀሐይን ነበር።

ስለዚህ ዋናው ሥራ እጣ ነው፤ መጀመሪያ የትኛዋ አይጥ የትኛው ቡድን እንደምትገባ። እጅ እንዳገኘ ማንሳት እጣ አይባልም። እጃችሁ ኬጁ (የአይጦቹ ሣጥን) ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የምትያዘው ፈዛዛዋ ናት። ቀልጣፋዎቹ ጥግ ይይዛሉ፣ መጨረሻ ይቀራሉ። የመጀመሪያዎቹን «ቡድን አንድ» ካላችሁ ፈዛዞቹን መርጣችሁ ሰበሰባችሁ ማለት ነው። እንደ ዕቁብ አድርጉት። ለእያንዳንዷ አይጥ ቁጥር ስጡ፣ በወረቀት ጻፉ፣ ጠቅልሉ፣ ኮፍያ ውስጥ በደንብ አምሱት፣ ሌላ ሰው ያውጣ። ኤክሴልም ይሠራል፤ እኔ ግን ኮፍያውን እመርጣለሁ፣ መብራት ሲጠፋም አይቆምም።

ብዙ ሰው የሚዘለው ሁለተኛ እጣ አለ፦ ማን ቀድሞ ይዋኝ? በየዙሩ ከእያንዳንዱ ቡድን አንዳንድ አይጥ ውሰዱ፤ በዙሩ ውስጥ ተራቸውን በእጣ ለዩ። ያኔ ብርዱም የፈታኙም ድካም ለሁሉም እኩል ይደርሳል። ኬጆቹም መደርደሪያው ላይ በእጣ ይቀመጡ፤ መስኮት ሥር ያለውና ግድግዳው ጋ ያለው አንድ አይደሉም። ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ውሃውን ለክታችሁ መዝግቡ። እኔ ከ22 እስከ 25 ዲግሪ ካልሆነ አልጀምርም። ዋኝታ ስትወጣ በፎጣ አድርቃችሁ ሙቀት አጠገብ አቆዩአት።

ሰዓት የሚይዘው ሰው ማን ምን እንደወሰደ አይወቅ። ሌላ ሰው ጠርሙሶቹን ሀ፣ ለ፣ ሐ ብሎ ይሰይም፣ ፍቺውን በፖስታ ያሽግ። ቅጠል ሲሆን አንድ ተንኮል አለው። የአይጧ አፍ ዙሪያ አረንጓዴ ከሆነ ምስጢሩ ወጣ! ከመዋኘቷ በፊት ጥረጉላት።

የአይጥ ቁጥር? «ሁሉም 6 ስለሚያደርግ» ምክንያት አይሆንም። ጂፓወር የሚባለው ፕሮግራም በነፃ ያሰላላችኋል። ቅጠሉን በኬጁ መጠጥ ውሃ ውስጥ ከሰጣችሁ ደግሞ አንድ ኬጅ እንደ አንድ ነው የሚቆጠረው፤ ውስጡ አምስት አይጥ ቢኖርም። ሴትም ወንድም አካትቱ።

ዓይናቸውንም ፈትሹ። መቆሚያውን ከውሃው በላይ አውጥታችሁ ትንሽ ባንዲራ ትከሉበት። ያንንም ካላገኘች ችግሩ መርሳት ላይሆን ይችላል፤ ነጭ አይጦች ድሮም ዓይናቸው ደካማ ነው። ሳትዋኝ ዝም ብላ የምትንሳፈፍ ከገጠመቻችሁስ? ከጥናቱ ትውጣ አትውጣ የሚለውን ሥራው ሳይጀመር ጻፉት። ውጤት ካያችሁ በኋላ ሁሉም ሰው ዳኛ ነው።

ስትጽፉ ልክ አትለፉ። ለሙከራ ብላችሁ ስኮፖላሚን (ለጊዜው የሚያስረሳ መድኃኒት) የሰጣችኋት የሁለት ወር አይጥ አልዛይመር የላትም። ጎረምሳ ናት፤ አሴቲልኮሊን፣ ለማስታወስ የሚያግዘው የአንጎል ኬሚካል፣ የሚሠራበት መንገድ ለጥቂት ሰዓት ተዘግቶባት ነው። ሠፈር ውስጥ «ጃጅተዋል» ከሚባሉት አባት ጋር አታመሳስሏት። ርዕሱ ላይም «ስኮፖላሚን የተሰጣቸው አይጦች» ብላችሁ ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው፣ በ2020 የታደሰው፣ በእንስሳት የተሠራ ጥናት ሲጻፍ ምን መካተት እንዳለበት የሚናገረው አራይቭ መመሪያ 10 መሠረታዊ ነጥቦች አሉት። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ጽሑፉን ሊልክ ሲል ነው። ከመጀመራችሁ በፊት አትማችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

እኔም ሥራውን በሁለቱ እጣዎች ደገምኩት። ፖስታው ሲከፈት ቅጠሉን የወሰዱትና ያልወሰዱት እኩል ዋኝተዋል። እንደዚያው ጻፍኩት።