ፎቶግራፍን በሌላ ሰው ዓይን ማረም

ማለዳ ባሕር ዳር ላይ፣ ከጣና ዳርቻ ያነሣውን ፎቶግራፍ ለወዳጁ አሳይቶ «እንዴት ነው?» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ «ያምራል» ነው፤ ይህ ደግሞ ለማረም አይረዳም። ስለዚህ ፎቶውን ያለ ማብራሪያ ያሳዩና «ዓይንህ መጀመሪያ ያረፈው የት ላይ ነው?» ብለው ይጠይቁ። እርስዎ ታንኳውን ለማሳየት አስበው ተመልካቹ ጥግ ላይ የቆመውን የሞተር ጀልባ ከጠቀሰ፣ ጀልባው በክሮፕ (የፎቶውን ጠርዝ በመቁረጥ) ይውጣ ወይም በዚያ በኩል ያለው ብርሃን ይቀነስ። የሐይቁ አድማስ መዝመሙን ግን ሰው እስኪነግርዎ አይጠብቁ፤ አስቀድመው ያቅኑት።

አስተያየት የሚጠየቀው ፎቶ አንሺ ብቻ አይደለም። አንድ ጊዜ ዳርቻው ላይ የተደረደሩ ታንኳዎችን አንሥቼ፣ ደምቀው እንዲታዩ ሳቹሬሽኑን (የቀለሙን ጥንካሬ) ከፍ አድርጌው ነበር። ታንኳ የሚሠሩ አንድ አባት ስልኬን ተቀብለው ጥቂት ካዩ በኋላ «ልጄ፣ ይኼ ደንገል እኮ ገና አልደረቀም» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ ታንኳ የሚታሰረው በፀሐይ ከደረቀ ደንገል ሲሆን፣ እኔ ግን አሁን የታጨደ አስመስዬው ነበር። ሳቹሬሽኑን ወደ ነበረበት መልሼ፣ አረንጓዴውን ቀለም ብቻ ለይቼ ቀንሼ፣ ኋይት ባላንሱን (የፎቶውን አጠቃላይ የቀለም ሚዛን) በጥቂቱ ወደ ቢጫ ሳስጠጋው ደንገሉ የገለባ መልኩን አገኘ።

ሁሉም አስተያየት ግን በኤዲቲንግ አይመለስም። «የፔሊካኑ ላባ ነጭ ወረቀት መሰለ» ከተባለ ሂስቶግራሙን (የፎቶውን ብርሃን በግራ ከጨለማው እስከ በቀኝ ደማቁ የሚያሳየውን ግራፍ) ይመልከቱ፤ በቀኝ ጫፍ ተከምሮ ከተቆረጠ የላባው ዝርዝር ጠፍቷል ማለት ነው። ጄፔግ (የተለመደው የተጨመቀ የፎቶ ፋይል) ለእያንዳንዱ ቀለም 256 የብርሃን ደረጃ ሲይዝ ባለ 14 ቢት ሮው (ካሜራው ሳያቀናብር የሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) 16,384 ስለሚይዝ፣ የጨለመ ጥላን ከሮው ማውጣት ይቀላል፤ ካሜራው ከሚችለው በላይ የበራው ላባ ግን በሮውም ቢሆን አይገኝም። እንዲህ ያለው አስተያየት ለሚቀጥለው ማለዳ ይያዝ፤ ነጭ ወፍ በጠቆረ ውኃ ላይ ሲያነሡ ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚቀበለውን ብርሃን) ወደ 1 ስቶፕ ያህል፣ ማለትም በግማሽ፣ ዝቅ አድርገው ይሞክሩ።

የማይተዋወቁ ሦስት ሰዎች አንድ ቦታ ላይ ከጠቆሙ ሳያመነቱ ያርሙ፤ የአንድ ሰው ምርጫ ብቻ ከሆነ ግን ፎቶውን ያነሡበትን ሐሳብ ያስቀድሙ። ዋናውን ፋይል ሳይነኩ በቅጂው ላይ ይሥሩ፣ በአንድ ጊዜም አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ። በማግስቱ የፊተኛውንና የታረመውን ጎን ለጎን አድርገው፣ አዲሱ የትኛው እንደሆነ ሳይናገሩ፣ አስተያየቱን ለሰጠው ለዚያው ሰው ያሳዩ፤ የፊተኛውን ከመረጠ እርማቱን አንሥተው እንደገና ይጀምሩ።